ባሕርን ስለ ማወቅ

(ይህ ንግግር በሄግ ከተማ በተማሪዎች የጥናት ስብሰባ ላይ የተነገረ ነው። ተናጋሪው በዴልፍት የውሃ ምሕንድስና ተማሪ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)



የስብሰባው አዘጋጆች በዚህ ዓመት በሆላንድ ጠረፍ ላይ ስላደረግናቸው ሦስት የጥናት ጉዞዎች እንድናገር ሲጠይቁኝ ነገሩ ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ሄድን፤ አየን፤ ተመለስን፤ ይህን ለመናገር ምን ያስጨንቃል ብዬ ነበር። ብዕር ይዤ ስቀመጥ ግን ከያዝኩት ማስታወሻ ውስጥ ግማሹ ስለ አገራችን ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ቅደም ተከተሉን የጠበቀ የጉዞ ታሪክ አይሆንም፤ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ብዘል ታገሡኝ።

አስቀድሜ ጉዞው የታሰበበትን ምክንያት ልናገር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት፣ በተለይም ከ2023 መጨረሻ ወዲህ፣ ስለ ባሕር በር ክርክር ያልተነሣበት ማዕድ የለም። እንጀራ ከብቦ የተቀመጠ ሁሉ ስለ አሰብ፣ ስለ ምጽዋ፣ ስለ ጅቡቲ፣ ስለ በርበራ የሚለው አያጣም። አንድ ቀን ማታ በእንዲህ ያለው ክርክር መካከል አንዲት እኅት «ለመሆኑ ከእኛ ውስጥ ባሕር በዐይኑ ያየ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከአሥራ ሰባታችን እጃቸውን ያነሡ አራት ብቻ ነበሩ፤ ከአራቱም አንዱ «እኔስ ከአውሮፕላን መስኮት ነው» ብሎ እጁን መልሶ አወረደ። እኔ ራሴ ውሃን ላጠና የመጣሁ ሰው፣ ከባሕሩ በብስክሌት አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ስምንት ወር ስቀመጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየሁትም ነበር። ጉዞው የታሰበው እንግዲህ በዚያ ማታ ባደረብን ኀፍረት ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ስኼቨኒንገን ነበር። ይህ ቦታ ዛሬ የሄግ ከተማ አካል ቢሆንም ጥንት ራሱን የቻለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ስሙን የውጭ አገር ሰው መጥራት ይቸግረዋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆላንዶች ጀርመናዊን ከሆላንዳዊ ለመለየት ይህን ስም ያስጠሩት ነበር ይባላል። እኛ ግን «ኸ» የምትባል ፊደል ስላለችን አልተቸገርንም። በዚህ አገር ቋንቋ ያገኘነው ብልጫ እስካሁን ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ከእኛ ጋር አንድ አረጋዊ ነበሩ። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለ ጠየቁኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ የባሕር ኀይል የሠለጠኑ፣ በኋላም እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው በስደት ወደዚህ የመጡ ሰው ናቸው። ሆላንድኛ መጀመሪያ ያነበቡት እዚህ አገር ሳይሆን ምጽዋ ነው ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኀይል በ1971 ከሆላንድ ያገኛት አንዲት የፈንጂ አሳሽ መርከብ ነበረች፤ በሞተር ክፍሏ ውስጥ በትናንሽ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የማያውቁትን ቋንቋ እየተመለከቱ ሥራቸውን ይሠሩ እንደ ነበር አጫውተውናል።

በዚያ ቀን የሆነውን ስሕተት ልናዘዝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ የሚገኙትን ዛጎሎች፣ ትላትሎችና ትናንሽ ፍጥረቶች እንመለከታለን ብዬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቀጥሬ ነበር። ስንደርስ ልናየው የመጣነው አሸዋ የለም። ውሃው መጥቶ ውጦታል። የቀረችውን ጠባብ አሸዋ ይዘን ስንቆም አንድ ማዕበል መጥቶ የብዙዎቻችንን ጫማ፣ የአንዱንም ዳቦ ይዞት ሄደ። ጋሼ ከኋላ ቆመው ይስቃሉ። «ልጄ፣ የሙላቱን ሰሌዳ ሳታይ ነው እንዴ ሰው የጠራኸው?» አሉኝ። «የምን ሰሌዳ ጋሼ?» አልኳቸው። የውሃ ምሕንድስና ተማሪው እንግዲህ እኔ ነኝ።

የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚመጣው ከጨረቃና ከፀሐይ ስበት መሆኑን ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቃል አጥንተናል። በፈተናም ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። ነገር ግን በዚህ ጠረፍ ውሃው በየአሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃው ገደማ እንደሚሞላ፣ ስለዚህም ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ እንደሚሄድ፣ የዓሣ አጥማጅ ኑሮ በሙሉ በዚህ ሰዓት ላይ እንደ ተመሠረተ የገባኝ እግሬ ሲርስ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ፀሐይና ጨረቃ አብረው ስለሚስቡ ሙላቱ ከፍ ይላል፤ በመካከሉ ባሉት ቀኖች ደግሞ ይቀንሳል። ጋሼ ይህን ሁሉ በጭራሮ አሸዋ ላይ እየሣሉ አስረዱን። አንዱም «በምጽዋስ እንዲህ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «የለም» አሉ፤ «እዚያ ትንሽ ነው። የቀይ ባሕር አፉ ጠባብ ስለሆነ የውቅያኖሱ ሙላት እንደ ልብ አይገባበትም። በምጽዋና በዳህላክ በኩል አንድ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ወደ መካከሉ፣ ወደ ፖርት ሱዳን ግድም ስትሄዱ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል።» በስኼቨኒንገን ሁለት ሜትር ገደማ መሆኑን በኋላ ከሰሌዳው አየሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። ይህን ንግግር ስጽፍ ስለ ባሕር ለመናገር የአማርኛ ቃል እያጠረኝ ብዙ ተቸገርኩ። ማዕበል አለን፤ ሞገድ አለን፤ ወጀብ አለን፤ መልሕቅና ሸራ አለን። ከእነዚህ ብዙዎቹን ያወቅናቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ለሚሆነው ሙላትና ጉድለት ግን እኔ የማውቀው አንድ ራሱን የቻለ ቃል የለም። ለጣና ሳይቀር «ባሕር» እንላለን፤ ከባሕር ዳር የመጣው ጓደኛችንም የመጀመሪያውን ቀን ውሃውን በጣቱ ቀምሶ «ይኸስ ተበላሽቷል» ብሎ አስቆናል። ጋሼን ስጠይቃቸው በባሕር ኀይል ውስጥ የመርከብ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይሰጥ እንደ ነበር፣ መርከበኞቹም እርስ በርሳቸው የራሳቸውን ቃላት ይፈጥሩ እንደ ነበር ነገሩኝ። እነዚያን ቃላት ማን ጻፋቸው? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ በጠረፉ ወደ ደቡብ ተጉዘን፣ ከኬይክዳውን አልፎ ያለውን «የአሸዋ ሞተር» የሚሉትን አየን። ነገሩ እንዲህ ነው። የሆላንድ ጠረፍ አሸዋ ነው፤ አሸዋውን ደግሞ ባሕሩ በየዓመቱ ይወስደዋል። ስለዚህ መንግሥት ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየዛቀ በየጊዜው ጠረፉን ይሞላል። በ2011 ግን አዲስ ዘዴ ሞከሩ። በየቦታው ጥቂት ጥቂት ከማፍሰስ፣ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ በአንድ ቦታ አፈሰሱና ማከፋፈሉን ለነፋሱ፣ ለማዕበሉና ለውሃው ጉዞ ተዉለት። ባሕሩ ራሱ አሸዋውን እየወሰደ በጠረፉ ርዝመት ያድላል። ከባሕር ጋር ሲዋጋ ስምንት መቶ ዓመት የኖረ ሕዝብ በመጨረሻ ባሕሩን ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ አገር ካየሁት የምሕንድስና ሥራ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ለምን ቢባል ከሩቅ ሲያዩት ምንም ሥራ አይመስልም።

አሸዋው የተዛቀው ከባሕሩ ወለል በመሆኑ አብሮት ሌላ ነገር ወጣ። የማሞት ጥርስ፣ የአውራሪስ አጥንት፣ የጅብ ቅሪት በዚያ አሸዋ ላይ ይለቀማል። የሰሜን ባሕር ጥልቀቱ በአማካይ መቶ ሜትር አይሞላም፤ በበረዶው ዘመን የዓለም ውሃ በበረዶ ተይዞ በነበረ ጊዜ ሰፊ ደረቅ መሬት ነበር፤ እንስሳም ሰውም ይኖርበት ነበር። በ2016 በዚሁ አሸዋ ላይ የኒአንደርታል ሰው የሠራው፣ ከበርች ዛፍ የወጣ ሙጫ የተለጠፈበት የባልጩት ስለት ተገኝቷል። ዕድሜው 50,000 ዓመት ገደማ ነው። እኛም ሁለት ሰዓት ሙሉ አቀርቅረን ለቀምን። ያገኘነው ብዙ ዛጎልና አንድ የጫማ ሶል ነው።

የሁለተኛው ቅዳሜ ጉዞ በሮተርዳም በኩል ወደ ሁክ ፋን ሆላንድ ነበር። ወደቡን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአውሮፓ ትልቁ ወደብ ነው፤ ኮንቴይነርና ክሬን ማየት የሚወድ ሄዶ ይይ። እኔ የምቆምበት በ1953 በሆነው ነገር ላይ ነው።

ጥር 31 ቀን ለየካቲት 1 አጥቢያ፣ 1953፣ ከሰሜን ምዕራብ የተነሣ ወጀብ ከጨረቃው ትልቅ ሙላት ጋር ገጠመ። ነፋሱ ውሃውን ወደ ጠባቡ የሰሜን ባሕር ደቡብ ጫፍ ገፍቶ አከማቸው። ግድቦቹ በደቡብ ምዕራብ በኩል ተሰበሩ፤ በሆላንድ ብቻ 1,836 ሰው ሞተ። በዚያን ዘመን ራዲዮ ሌሊት አያሰራጭም ነበርና ብዙው ሰው የነቃው ውሃው አልጋው ሲደርስ ነው። ግድቦቹ ደካማ መሆናቸውን ያልታወቀም አይምሰላችሁ፤ ዮሐን ፋን ፌን የሚባለው መሐንዲስ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት ሲያስጠነቅቅ ነበር። ጦርነት ነበረ፣ ገንዘብ አልነበረም፣ ሌላ ሌላም ምክንያት ነበረ። ሰምቶ የሠራ ግን አልነበረም። ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ስለ ረሃብም እንዲሁ አስቀድሞ የጻፈና አስቀድሞ የተናገረ ሰው በአገራችን ታጥቶ አያውቅም።

በዚያች ሌሊት ከሮተርዳም በስተምሥራቅ፣ በኒውወርከርክ አን ደን አይሰል አጠገብ ግድቡ መሰንጠቅ ጀመረ። ከግድቡ ጀርባ ከባሕር በታች ያለ ሰፊ አገርና እጅግ ብዙ ሕዝብ አለ። የመንደሩ ሹም አንዱን የጭነት ጀልባ ባለቤት፣ አሪ ኤፈኽሩንን፣ ጀልባውን በተሰበረው ቦታ ላይ እንዲወትፍ አዘዘው፤ እሱም ጀልባውን አዙሮ እንደ መዝጊያ በቀዳዳው ላይ ገጠማት። ውሃውም ቆመ። ዛሬ በዚያ ቦታ መታሰቢያ ቆሞለታል። ስለ ታላላቅ ሥራዎች ስንናገር ይህን ሰውና ጀልባውን መርሳት አይገባም።

ከዚያ ሌሊት የተወለደው ሥራ የዴልታ ሥራ ይባላል። ሕጉ የወጣው በ1958 ነው። እኔ የምማርበትም ተቋም በ1957 ለውጭ አገር ሰዎች በተከፈተ የውሃ ምሕንድስና ኮርስ የተጀመረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በዴልፍት አልፈዋል። ያየነው የማስላንት መዝጊያ በ1997 የተመረቀ ሲሆን፣ ከሮተርዳም ወደ ባሕር የሚወስደውን 360 ሜትር ስፋት ያለውን የውሃ መንገድ የሚዘጋ ነው። ሁለት በር አለው፤ እያንዳንዱ በር 210 ሜትር ርዝመትና 22 ሜትር ቁመት አለው። በሮቹ በሰላም ጊዜ በወንዙ ግራና ቀኝ በደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛሉ። ወጀብ ሲመጣ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፤ በሮቹ ይንሳፈፋሉ፤ ወደ መካከል ተገፍተው ከተገናኙ በኋላ ሆዳቸው ውሃ እየጠጣ ወደ ወንዙ ወለል ይሰጥማሉ። ውሃው ከአምስተርዳም ዜሮ በላይ ሦስት ሜትር ይደርሳል ተብሎ ከተገመተ መዝጋቱን የሚወስነው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው። በታኅሣሥ 2023 ውሃው ከፍ ብሎ ሲገመት እንደ ታቀደው በራሱ ዘግቷል።

ይህ ነገር በመካከላችን ክርክር አስነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ሚሊዮን ሕዝብ ለኮምፒዩተር አይታመንም» አለ። ሌላዋ ደግሞ «በ1953 ለሰው ታምኖ አልነበረም እንዴ?» ብላ መለሰችለት። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ ቆመው የበሩን ክንድ መገጣጠሚያ ሲመለከቱ ቆዩና «ይህን ቅባት የሚቀባው ሰው ደመወዙ ስንት ይሆን?» ብለው ጠየቁ። አስጎብኚው አልመለሰም። እኔ ግን ከቀኑ ጥያቄዎች ሁሉ የሳቸውን አስበልጬ ጻፍኩት።

ከላይ «የአምስተርዳም ዜሮ» ብያለሁ፤ ላስረዳ። በአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥር ደረጃ ወርዳችሁ አንድ የነሐስ ጉብታ ታያላችሁ። አውሮፓ ብዙውን ከፍታውን የሚለካው ከዚያ ነው። አመጣጡ በ1680ዎቹ የከተማው ሹማምንት የውሃውን የሙላት ልክ ለክተው በየመዝጊያው ላይ ካቆሙት ድንጋይ ነው። በአጠገቡ በመስተዋት ዓምድ ውስጥ ውሃ ቆሟል፤ አንደኛው ዓምድ የ1953ቱን ውሃ ልክ ያሳያል። ከዜሮው በላይ 4.55 ሜትር ነው።

በዚያ ቆሜ አንድ ነገር አሰብኩ። እኛ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው እያልን ስንኮራ የምንለካው ከባሕር ነው። የሆላንድ ዝቅተኛ ቦታ፣ ያው ኤፈኽሩን ጀልባውን የወተፈበት አገር፣ ከባሕር በታች 6.76 ሜትር ነው፤ ዓለም ይደነቅበታል። የእኛ ዳሎል ግን ከባሕር በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። የዳናክል ሜዳ ባሕር ነበር። ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ነበርና በዳርቻው ኮራል የሚባለው የባሕር ፍጥረት የሠራው ድንጋይ ደርቆ ቆሞ ይታያል። ውሃው ሲደርቅ የቀረው ጨው ነው፤ አሞሌ እየተቆረጠ ለብዙ ዘመን በገበያችን እንደ ገንዘብ የተዘዋወረው የባሕር ቅሪት ነው እንግዲህ። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ እስከ ሸዋና ጎጃም ደርሶ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትወርዱ የዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ የሚታየው ነጭና ቢጫ የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር፤ ውስጡ ዛጎል አለ። ስንቶቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተነው አልፈናል!

ሦስተኛው ጉዞ በአምስተርዳም የባሕር ታሪክ ሙዚየም ነበር። ሕንፃው በ1656 ለባሕር ኀይል ዕቃ ቤትነት የተሠራ ነው። በደጁ የቆመችው «አምስተርዳም» የተባለች መርከብ በ1749 በእንግሊዝ ጠረፍ የሰጠመችውን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ አስመስለው በ1980ዎቹ የሠሯት ናት። ወርቅ ቅብ፣ ሥዕል፣ አንበሳ፣ ሁሉ አላት። ልጆች ይሮጡባታል። ጋሼ ገመዱን ሁሉ እየዳሰሱ ዞሯት።

ኩባንያው ከ1602 እስከ 1799 የኖረ፣ ጦርና ምሽግ የነበረው ነጋዴ ነው። በ1621 በባንዳ ደሴቶች ለገውዝ ንግድ ሲል ያደረሰው እልቂት በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ለብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፍ ነበር። በዚሁ ዘመን ፒተር ፋን ደን ብሩከ የሚባል የኩባንያው ነጋዴ በሕንድ አገር በደከን አንድ ታላቅ የጦር አለቃ አግኝቶ ስለ እሱ በማስታወሻው ጻፈ። ያ ሰው ማሊክ አምባር ነው። በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ተሸጦ፣ በሞካ ወደብ በ80 ጊልደር እንደ ተገዛ ፋን ደን ብሩከ ጽፏል። በኋላ የአሕመድናጋር መንግሥት አለቃ ሆኖ የሞጎሎችን ጦር ለብዙ ዓመት ያቆመ እሱ ነው። እኛ ስለ ቀይ ባሕር ስንናገር የአክሱምን መርከቦችና ንጉሥ ካሌብን እናነሣለን፤ ይገባል። ነገር ግን በዚያ ባሕር ላይ ብዙው ሕዝባችን የተሻገረው ተገዝቶ ነው፤ የሸጠውም ሁልጊዜ የውጭ ሰው አልነበረም። የሆላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በታኅሣሥ 2022፣ ንጉሡም በሐምሌ 2023 ስለ ባርያ ንግድ ይቅርታ ጠይቀዋል። ከእኛ በኩል የጠየቀ አላውቅም።

ከሙዚየሙ ጥቂት መንገድ በእግር ሄደን የዕፀዋቱን አትክልት ቦታ አየን። በ1706 አንድ የቡና ተክል ከጃቫ ወደዚህ መጣ። ጃቫ የሄደው ከየመን ነው፤ የቡናው ትውልድ አገር ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ መሆኑን አትጠይቁኝ። ከዚያ ተክል የተወለደ ችግኝ በ1714 ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ አሥራ አራተኛ ተሰጠ፤ ከዚህ ዘር የወጣው ቡና ነው በአሜሪካ አህጉር የተስፋፋው። ቡናው በመርከብ ዓለምን ሲዞር ባለቤቱ ተራራው ላይ ተቀምጦ ነበር። እዚያው የሚሸጠውን ቡና ጠጣን፤ ቀጭን ነው።

ሁልጊዜ ግን ተቀምጠን አልነበረም። እዚሁ ሄግ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ የኩባንያው ወረቀት ተደርድሮ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በዚያ ውስጥ ከጎንደር ነገሥታት የተላከ ኮጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ታሪክ አለ፤ የላይደኑ ሊቅ ፋን ዶንዘል በ1979 ሰነዶቹን አሳትሟቸዋል። ሙራድ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊና በዐፄ ኢያሱ ዘመን መልእክትና ስጦታ ይዞ በምጽዋ፣ በሞካና በሕንድ በኩል ዛሬ ጃካርታ እስከምትባለው እስከ ባታቪያ ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ሄዷል። ከስጦታው ውስጥ የሜዳ አህያ ነበረበት። አስቡት፤ የሜዳ አህያ በመርከብ ላይ! ከጎንደር ባታቪያ የሄደው መልእክት ግን የሄደው በሰው መርከብ ነው። የራሳችን መርከብ እስኪኖረን ብዙ ዘመን አለፈ። ባሕር ኀይላችን የተቋቋመው በ1955 ነው፤ የመርከብ ድርጅታችን በ1964። «ኢትዮጵያ» የተባለችውን ትልቋን መርከብ አሜሪካ በ1962 አስተላለፈችልን፤ በ1991 ሸሽታ የመን ገባች፤ ኋላም ተሸጠች። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ነገር ግን መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። የዓለም ፍርድ ቤት ያለበት የሰላም ቤተ መንግሥት ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ከ1960 ጀምሮ የከሰሱት፣ በ1966ም ዳኞቹ እኩል በእኩል ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ድምፅ የተረቱት እዚያ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ኮሚሲዮንም ውሳኔውን ያሰማው በ2002 በዚሁ ከተማ ነው። ሁጎ ግሮትየስ፣ የዴልፍት ልጅ፣ በ1609 «ባሕር የሁሉ ነው» የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ የጻፈውም ኩባንያው በ1603 የማረከውን የፖርቱጋል መርከብ ጉዳይ ለመከላከል ነበር። ባሕር የሁሉ ነው ያለው ኩባንያ ገውዙን ለራሱ ብቻ እንዳደረገ አትርሱ። ቢሆንም ሐሳቡ ከጌታው በለጠ። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 125 ባሕር የሌለው አገር ወደ ባሕር የመውጣትና የመግባት፣ በጎረቤት አገርም ዕቃውን የማሳለፍ መብት አለው ይላል፤ ዝርዝሩ ግን ከጎረቤቱ ጋር በስምምነት ይወሰናል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ፈርማ ሳታጸድቀው ለዐሥርት ዓመታት ቆይታለች። በዚያ ማታ ማዕድ ላይ ጠረጴዛ እስኪንቀጠቀጥ ከተከራከርነው ውስጥ ይህን አንቀጽ ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

በወደብ ጉዳይ የእያንዳንዳችሁ አሳብ ምን እንደ ሆነ አልጠይቅም፤ የእኔንም በሌላ ቀን እናገራለሁ። ነገር ግን በጎረቤት ሕዝብ መሬት ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት የሙላት ሰሌዳ ማንበብ መማር አይከፋም። ስዊስ ከ1941 ጀምሮ በባንዲራዋ የባሕር መርከብ አላት፤ ባሕር ግን የላትም፤ መንገዷ በራይን ወንዝ እዚህ ሮተርዳም ድረስ ነው። የእኛም መርከቦች ከ1998 በኋላ በጅቡቲ እየሠሩ ኖረዋል፤ ሐዋሳ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ የሚል ስም ይዘው ውቅያኖስ ተሻግረዋል። በቢሾፍቱ ባቦጋያ ዳር ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። እነዚህ ወጣቶች በባዕድ መርከብ ላይ ዓለምን ሲዞሩ ያዩትንና የተማሩትን የሚጽፍላቸው፣ የሚጽፉበትም ቦታ አለ ወይ?

ስለ ቃላቱ ያቆየሁት ጥያቄ እዚህ ላይ ይገባል። ጋሼ አሁን ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ጓደኞቻቸው በሆላንድ፣ በስዊድን፣ በአሜሪካ፣ በየመን፣ በአዲስ አበባም ተበታትነው አሉ፤ በየዓመቱም ይቀንሳሉ። ከምጽዋ እስከ አሰብ ያለውን ጠረፍ፣ የዳህላክን ድንጋዮች፣ የነፋሱን ወቅት በአእምሮአቸው ይዘዋል። ከኤርትራውያን የቀድሞ መርከበኞች ጋርም እስከ ዛሬ በስልክ እንደሚጠያየቁ ነግረውኛል፤ ባንዲራው ሲለያይ ባሕሩን አብረው ያወቁት ሰዎች አልተለያዩም። ስለዚህ ለጥናት ክበባችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በየከተማው ያላችሁ ተማሪዎች በአቅራቢያችሁ ያለውን አንድ የቀድሞ መርከበኛ ፈልጋችሁ፣ ቃሉን በቴፕ ቀድታችሁ ጻፉ። አገር ቤት ያላችሁት ደግሞ ክፍላችሁን ይዛችሁ ወደ ዓባይ ሸለቆ ውረዱና ዛጎል ልቀሙ። ለሆላንድ የሚከፈል የአውቶቡስ ዋጋ አያስፈልገውም።

ጋሼ በበኩላቸው ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ስሄድ ባለ መስመር ደብተር አሳዩኝ፤ በአንዱ ዓምድ የእንግሊዝኛው ትእዛዝ፣ በሌላው መርከበኞቹ ይሉት የነበረው ቃል በእጅ ተጽፏል። እስካሁን መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል። አንዳንዱ ቃል በሰው ፊት የሚነበብ አይደለም ብለው ጥቂት ገጾችን በእጃቸው ሸፈኑብኝ።

የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ኦስተርስኸልደ ነው፤ ዓሣ አጥማጆችና ተፈጥሮ ወዳዶች ተከራክረው ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ የነበረውን ባሕር ክፍት ሆኖ እንዲቀር፣ በ62 ተንቀሳቃሽ በሮችም እንዲሠራ ያስደረጉበት ቦታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ከሮተርዳም ማዕከላዊ ጣቢያ እንነሣለን። ሰሌዳውን አይቻለሁ፤ ውሃው የሚጎድለው ከቀትር በኋላ ነው። ቢሆንም ሁለት ጫማ ያዙ።